ስልኩ ተይዟል

ሌሊት የሠራ ሰው ቀን ይተኛል የሚባለው ለሌላው ነው፣ ለእሱ አይደለም። ይኸው ተጋድሟል፣ ጥቁሩን መጋረጃ ጥርቅም አድርጎ ዘግቷል፣ ጆሮውን በጥጥ ወትፏል፣ ዓይኑ ግን ወለል ብሎ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ከላይ ያለው ጎረቤት ወንበር ይጎትታል። ሰው ሁሉ ነቅቶ ቁርሱን የሚበላበት ሰዓት ስለሆነ ቢጎትት አይፈረድበትም፣ እሱ ግን ይፈርድበታል፤ ሆን ብሎ ነው፣ ከሥሩ አንድ ስደተኛ ደክሞት እንደተኛ እያወቀ ነው፣ ንቀት ነው፣ እዚህ አገር ሁሉም ነገር ንቀት ነው፣ ወንበሩም ንቀት ነው። ተነስቶ ጣሪያውን በመጥረጊያው እንጨት ሊነርተው ፈለገ። ባለፈው ነርቶት ነበር። ጎረቤቱ አልሰማም፣ የጣሪያው ቀለም ግን ረግፎ ዓይኑ ውስጥ ገባና ሥራ ቦታ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አደረ። ስለዚህ ዛሬ ተወውና ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ወደ ግድግዳው ሲዞር ደግሞ ወንድሙ መጣ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ ከጎረቤቱ ይጀምራል፣ በአለቃው በኩል ያልፋል፣ መድረሻው ታናሽ ወንድሙ ነው።

ስልኩ ትራሱ ሥር ነው፣ ድምፁ አልተዘጋም። እናቱ ከሥራ ወጥቶ፣ እግሩን ታጥቦ፣ አረፍ የሚልበትን ሰዓት በልቧ ታውቀዋለች። ያን ጊዜ ሚስኮል ታደርጋለች፣ አንዴ ጥርር ብሎ ዝም፣ እሱ መልሶ ይደውላል፣ «ቃሪያው፣ ገባህ?» ትላለች፣ ገባሁ ይላል፣ በላህ ትላለች፣ በላሁ ይላል፣ ይዋሻል፣ እንቅልፉ ይመጣል። ቃሪያው ያለችው ገና ዳዴ ሲል ጀምሮ ነው፣ ሲቆጣ የነካውን ሁሉ ስለሚያቃጥል። ያች ሚስኮል ከቆመች ወር አልፏል። እሱ ሲደውልላት ስልኳ ዝግ ነው። መጀመሪያ መብራት ጠፍቶ ይሆናል አለ፣ ቀጥሎ ቻርጀሩ ተበላሽቶ ይሆናል አለ፣ ከዚያ በኋላ ተቆጣና ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነለት። ዘጉብኝ። ያ ወንድሜ መክሯት ነው፣ እኔን ካልፈለገ አንቺንም ይተውሽ ብሏት ነው፣ እሷም ድሮም ለእሱ ታደላለች፣ እሺ ብላዋለች። ወንድሙ እንዲህ ሲል ሰምቶታል? አልሰማውም። ግን ድምፁን ሳይቀር ያውቀዋል፤ ወንድሙ ያላለውን ሁሉ እሱ ራሱ አልጋው ላይ ሆኖ ሲናገርለት ነው የሚውለው። ወንድምየው ጋ ደውሎ እናቴ ምን ሆነች ማለት ይችላል፣ የአንድ ጣት ሥራ ነው። ብሞት አላደርገውም ይላል፣ እናቱንም ሌሊት ሌሊት እያሰበ ሆዱ ይባባል፣ ሲነጋ ግን ያው ነው፣ ብሞት አላደርገውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታቸው ሞተ። ሞት ያለ ነው፣ ሽማግሌም ነበር፣ በዚያ አልተጣሉም። እሱ ቀብር እንዳይሄድ ወረቀት የለውም፣ ያኔም አልነበረውም፣ ፋይልህ እየታየ ነው ይሉታል፣ ማን እንደሚያየው ግን ተነግሮት አያውቅም፣ ከዚህ አገር አንዴ ከወጣ ተመልሶ አይገባም፤ ይሁን፣ ይህንንም ወንድሙ አላመጣበትም። ወንድሙ ያደረገው ዝም ማለት ነው። አባትየው ተቀብሮ፣ ሐዘንተኛው ተበትኖ፣ እሱ ከዚህ በየሳምንቱ ይደውላል፣ አባዬ እንዴት ነው ይላል፣ ወንድሙ ደህና ነው፣ አሁን ሸለብ አድርጎት ነው፣ ሰላም በልልኝ ብሎሃል ይለዋል። ሰላም በልልኝ ብሎሃል! አፈር የተጫነው ሰው! እሱም ይስቃል፣ ያን በክር የታሰረ መነጽሩን ልለውጥለት ነው በለው፣ ቁጥሩን ጠይቅልኝ ይላል፣ ያኛውም እሺ ጋሼ፣ እጠይቀዋለሁ ይላል። ቁጥሩ ሳይመጣ ሲቀር በግምት ገዛ። ጥቁር ክፈፍ ያለው፣ ጠንካራ፣ አባቱ ላዩ ላይ ቢቀመጥበት እንኳ የማይሰበር። አሁንም ከነማኅደሩ መሳቢያው ውስጥ ነው። መርዶውን የነገረው አውቶቡስ ላይ ያገኘው አንድ ያገሩ ሰው ነው፣ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ እንኳ ተያይተው አያውቁም፣ ትከሻውን ያዝ አድርጎ ስለ አባትህ ሰማሁ፣ እግዜር ያጥናህ አለው። እግዜር ያጥናህ የተባለ ሰው ምን ይላል? አሜን አለ። አሜን ብሎ በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደ፣ ሰፈሩ ግን ገና ነበር።

ደወለ። ጮኸ። ወንድሙ ሲያለቅስ ቆየና አንዲት ነገር ብቻ ተናገረ። «ጋሼ፣ ብቻህን ነህ። አጠገብህ ሆኖ የሚይዝህ ሰው እስካገኝ ብዬ ነው» አለ። የሚይዝህ! እሱን ማን ያዝልኝ አለው? ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋበት፣ ቁጥሩንም ገብቶ ቆለፈው፣ መልእክቱም ጥሪውም እንዳያልፍ። ስልኩ በዚህ አገር ቋንቋ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀው፣ አዎን አለ፣ እንደዚያ ቀን በሕይወቱ ስለምንም ነገር እርግጠኛ ሆኖ አያውቅም። እናትየውም እኮ ደብቃለች፣ ያኔ ሁሌ ጉንፋን ይዞኝ ነው እያለች ድምጿ ተዘግቶ ነበር። እሷን ግን ምንም አላላትም። ቁጣ ዳኛ አይደለም፣ ደስ ያለውን ነው የሚይዘው።

ይኸው ሁለት ዓመት። እንግዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚያዘጋጀው ንግግር አለ፣ አንድ ቀን ወንድሙን ፊት ለፊት ሲያገኘው የሚለው። አንተ ልጅ፣ ስማኝ ብሎ ይጀምራል። መሐሉን በየጊዜው ይለዋውጠዋል፣ ያሳምረዋል፣ አንዳንዱን ቃል ከባድ ነው ብሎ አንስቶ በሚቀጥለው ቀን ከበፊቱ የከበደ ያስገባል። አባቴን ሁለት ጊዜ ገደልክብኝ የምትል አለች፣ እሷ ላይ ሲደርስ ራሱ ዕንባ ዕንባ ይለዋል። አልጋ ላይ ይላታል፣ አውቶቡስ ላይ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይላታል፣ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ቦታ ሲቀይር ደግሞ ያም ንቀት ነው። ሥራ ቦታም ይላታል። ሥራው የሆስፒታል አንሶላ ማጠብና መተኮስ ነው፣ መተኮሻው ማሽን እንደ ግቢ በር ሰፊ ነው፣ አንሶላው ከግራና ከቀኝ በሁለት ሰው ጫፍ ጫፉን ተይዞ ነው ለጋለው ብረት የሚሰጠው። ሁለቱ ሰዎች እኩል መሳብ፣ እኩል መልቀቅ አለባቸው፣ አንዱ ከቸኮለ አንሶላው ይጨማደዳል፣ አንዱ ከዘገየ እጁ ይገባል። ጓደኛው አንዲት ባልቴት ናት፣ ቋንቋቸው አይገናኝም፣ ሌሊቱን ሙሉ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ነው የሚሠሩት። ባለፈው ሰሞን ዓይኗን ማየት ትቶ ንግግሩን ያዘ፣ ሁለት ጊዜ የምትለዋ ላይ ሲደርስ ጫፉን መንጭቆ ሳበው፣ የግራ እጁ አንጓ ከብረቱ ጋር ገጠመ። ባልቴቲቱ ማሽኑን አቁማ፣ እየጎተተች ወስዳ ቧንቧ ሥር ከተተችው፣ እንደ ልጇ ተቆጣችው፣ ምን እንዳለችው አያውቅም። አለቃው መጥቶ ሐሳብህን ሰብስብ ዓይነት ነገር አለ። ያን ጊዜ፣ ሰዓቱን አስሉት፣ ወንድምየው እራቱን በልቶ ጥልቅ እንቅልፍ ላይ ነው።

ጨጓራውም አለ። ሐኪሙ ዘንድ ሄደ፣ አስተርጓሚው በስልክ ነው፣ የትም ይሁን የት የተቀመጠ ፊቱ የማይታይ ሰው በሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ካለ ስልክ ውስጥ ሆኖ የሚያናድድህ ነገር አለ ወይ ይሉሃል አለው። የለም አለ፣ ጥርሱን ነክሶ። እንዴት ሆኖ ይበል? ለማያውቀው ሰው የሞተ አባቴ ሰላምታ ላከልኝ ሊለው ነው? ክኒኑን ይዞ ወጣ። የነፍስ አባቱንም አንድ ቀን ደውሎላቸው ነበር፣ አባቴ፣ በድሎኛል፣ ፍርዱን እርስዎ ይስጡ ብሎ። እሳቸው ግን የተጠየቁትን ትተው «ልጄ፣ ወንድምህን እኮ ምንም አላደረግኸውም» አሉት። «እሱ ይበላል፣ ይተኛል። የማትበላውም የማትተኛውም አንተ ነህ። ይህ ቅጣት ከሆነ ማንን እየቀጣህ ነው?» ተናደደ። እሱ እንደሚተኛ ማን ነገራቸው? እሳቸውም ለእሱ አደሉ። ከዚያ ወዲህ አልደወለላቸውም፣ አንድ የሚያጽናኑት አባት ነበሩ፣ እሳቸውንም እንዲሁ አጣ።

ጸሎቱን ግን አልተወም፣ እንዲያው ምኑን ይተዋል፣ ከናቱ እጅ የተረፈው እሱ ነው። ልጆች ሆነው እራት ሳይቀርብ በፊት ሁለቱን ወንድማማቾች ጎን ለጎን ታቆማቸውና አባታችን ሆይን በየተራ ታስብላቸዋለች። እሷ ሥራዋን አታቆምም፣ ዕቃዋን ታነሳለች ታስቀምጣለች፣ የሰማችም አትመስልም። ታናሽየው ሆዱ ነው የሚጸልየው፣ ቶሎ ልብላ ብሎ መሐል ላይ አንድ መስመር ይዘላል፣ ያን ጊዜ እናትየው ዞር እንኳ ሳትል «እህ» ትላለች። ሌላ ቃል የለም። እህ ካለች ተመለስ ማለት ነው፣ ዝም ካለች ቀጥል ማለት ነው። ታላቅየው ይስቃል፣ ወንድሙን በክርኑ ጎሸም ያደርገዋል፣ እሱ ዘሎ አያውቅም፣ ኩራቱ ነበር። አሁን ግን ይዘላል። ያችን የበደሉንን ይቅር ስለማለት የምትናገረዋን መስመር። ያኔ ከአውቶቡሱ በወረደበት ቀን ማታ እሷ ላይ ሲደርስ ምላሱ አልታዘዝ አለው፣ ብላት ውሸት ነው፣ ለእግዜር ከምዋሽ ብዘል ይሻላል አለ፣ ቅን ሰው መስሎት፣ ዘለላት። ከዚያ እንደ ተሰበረች የመሰላል እርከን ሆነች፣ እግሩ ራሱ ይሻገራታል። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ትል ነበር እናቱ፤ ያኔ ስለ ጎረቤት ሴቶች የምትለው ይመስለው ነበር።

ስልኩ ጮኸ። ሚስኮል አይደለም፣ አላቆመም። የማያውቀው ቁጥር ነው፣ ባገሩ መነሻ የሚጀምር። ወንድሙ በሰው ስልክ መጣ ማለት ነው፣ ደሙ ፈላ፣ ደስም አለው፣ ንግግሩ ዝግጁ ነው፣ አንተ ልጅ ስማኝ ሊል አፉን ከፈተ።

የሴት ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዋ ነኝ፣ የናትህ ጎረቤት አለች፣ ያን ጊዜ ሱሪህን እንድሰፋ የደወልክልኝ ቁጥር እኔ ጋ ነበር፣ እንደው ይሠራ እንደሆነ ብዬ ነው፣ ተመስገን፣ አንተ እንደ ሹም ስልክህ ሁልጊዜ የተያዘ ነው፣ ወንድምህ በደወለ ቁጥር ተይዟል ነው የሚለው አለች። እትዬ፣ እናቴ ደህና ናት አለ፣ ለምን ስልኳን ዘጋችብኝ። እናትህ ወድቃለች ልጄ አለች። ወር አልፎታል፣ ልብስ ስታጥብ፣ የቀኝ ጎኗን መትቷት፣ ስልኳም ከኪሷ ወጥቶ ገንዳው ውስጥ ገብቶ ቀረ፣ አንደበቷ ተሳስሯል፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነው፣ ልቧም ደህና ነው፣ የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች። ጠዋት ጠዋት አንተ ከሥራ የምትወጣበት ሰዓት ሲደርስ በግራ እጇ ስልክ ስልክ እያለች ታሳያለች፣ ወንድምህ ይደውላል፣ ጆሮዋ ላይ ያደርግላታል፣ ተይዟል ትላለች የስልኳ ሴትዮ፣ ወንድምህ ሥራ በዝቶበት ነው እማዬ ይላታል፣ እሷም እሺ ዓይነት ራሷን ትነቀንቃለች፣ በነጋታው ደግሞ ያችኑ ሰዓት ጠብቃ ታሳያለች።

«እትዬ፣ ታዲያ ለምን ያኔውኑ አልነገርሽኝም?» አለ፣ ድምፁ ሻክሮ።

«ልደውል ብዬ ነበር፣ ወንድምህ ነው የከለከለኝ። የአባዬን ደብቄው ነው ያጣሁት፣ ይህንን ግን ከሰው አፍ አይሰማም፣ በገዛ አፌ ነው የምነግረው አለ። ዛሬ ሳያውቅ ነው የደወልኩት» አለች።

ዘጋች ወይስ ዘጋ፣ አላወቀም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ከላይ ወንበሩ ይጎተታል። ተናደደ፣ ከዚያ ሁሉ ንዴት የበለጠ ንዴት፣ የተቃጠለው አንጓው እስኪጠዘጥዘው፣ የሚይዘው ሰው ግን ፈልጎ አጣ። ማነው የደበቀው? ወንድሙ አልደበቀም፣ በየማለዳው ሊነግረው ሲያንኳኳ ነበር። እናቱ አልዘጋችም፣ አንድ እጅ ተርፏት በሷ ስልክ ስልክ ስትል ነበር። ወንድምየውስ ቁጥሩ እንደ ተቆለፈ አጥቶት ነው? ሁለት ዓመት እንዴት ያጣዋል፣ ያውቃል፣ አውቆ ነው ሥራ በዝቶበት ነው እማዬ የሚላት፣ ልጅሽ ዘግቶብናል እንዳይላት ነው፣ ደበቀለት፣ ጨካኙ ልጇ እሷ ዘንድ ሥራ የበዛበት ደግ ልጅ ሆኖ እንዲቆይ ደበቀለት። ከአባቱ ሰላምታ ሲያመጣለት እንደነበረው ሁሉ። ይህን ሲያስብ እንደገና ሊቆጣ ሞከረ፣ ማን ደብቅልኝ አለህ ሊል ሞከረ፣ አልወጣለትም። የናቱን ድምፅ የቀማው ማነው ቢባል አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፣ እሱም አልጋው ላይ በካልሲ ተቀምጧል። እንግዲህ አትናገርም። ቃሪያው፣ ገባህ የምትለዋ ቀረች። መጨረሻ ጊዜ ስታወራው እኮ ተነጫንጮባት ነበር፣ ስለ ወንድሙ ልታነሳበት ስትል ቻው ቻው ብሎ፣ ደህና ዋይ እንኳ ሳይል።

ስልኩን ከፈተ። የወንድሙን ቁጥር ከተቆለፈበት ሲያወጣው እርግጠኛ ነህ ወይ አለው፣ ያው ያን ጊዜ የጠየቀው ነው። አይደለም፣ እርግጠኛ አይደለም፣ ነካው፣ ደወለ።

ገና አንዴ ሳይጠራ ተነሳ። ወንድሙ ሃሎ አላለም። «ጋሼ» አለ። ንግግሩ ይኸው ቦታው ላይ ነው፣ ከነማማሩ፣ አንድ ቃል አልጎደለም፣ አንተ ልጅ ስማኝ፣ የቀረው መናገር ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ያሳመረው ነገር አፉ ውስጥ ሲገባ እንደ አመድ ሆነበት። ከእሱ የወጣው ሌላ ነው፣ ያውም በቁጣ ነው የወጣው፣ ሌላ ድምፅ ከየት ያመጣል።

«ለምን በሰው ስልክ አልደወልክልኝም?» አለ።

«በራሴ አፍ፣ አንተው ከፍተህልኝ ልንገርህ ብዬ ነው ጋሼ» አለ ወንድሙ። ቀጥሎም፣ «ነቅታለች። ጆሮዋ ላይ ላድርግልሽ ስላት እሺ ብላ ዓይኗን ጨፈነችልኝ። ላድርግላት?» አለ።

አድርግላት አለ። የጨርቅ ኮሽኮሽታ መጣ፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ ከባድ፣ ከአንድ ወገን የሚያፏጭ። እማዬ አለ። ትንፋሹ ቆመ፣ ደግሞ ቀጠለ። አሁን ምን ይላታል? እንዴት ነሽ እንዳይላት አትመልስም። ገባሁ፣ በላሁ እንዳይላት አልጠየቀችውም። ሰው መልስ ሳይፈልግ የሚናገረው ነገር ምን አለ ብሎ በራሱ ውስጥ ዞረ፣ ያለው ንግግሩና ጸሎቱ ነው፣ ከሁለቱ ሌላ ባዶ ነው፣ ሁለት ዓመት ሌላ ነገር አላስገባበትም። ብድግ አለ። በካልሲው ቆሞ፣ ጥጡን ከጆሮው አውጥቶ፣ አባታችን ሆይ አለ። ልጅ ሆኖ እንደሚለው አለው፣ ትንፋሿም ከድምፁ ጋር ይሄዳል። ምላሱ የለመደውን መንገድ ይዞ ወረደ፣ እንጀራውን ለመነ፣ ለራሱ ምሕረቱን ለመነ፣ ከዚያ እግሩ እንደለመደው ያችን እርከን ተሻግሮ ወደ ፈተናው አለፈ።

«እህ» አለች።

ከተሳሰረው አንደበት ውስጥ፣ ጎርነን ብሎ፣ ግን እሷ ናት፣ ጥርጥር የለውም፣ ዕቃ እያነሳች ዞር ሳትል የምትለው እሱ ነው። ወዲያ ማዶ የወንድሙ ለቅሶ ተሰማ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዞ ስለቆመ ዞር ብሎ ሊደብቀው አልቻለም። እሱም ግድግዳውን ያዘ። ቁጣው በርዶለት ነው ብል ዋሸሁ፣ አልበረደም፣ ጨጓራው እንደ ነደደ ነው፣ መነጽሩም መሳቢያው ውስጥ እንዳለ ነው። ብቻ ተመለሰ። የዘለላት ቦታ ላይ ቆመ፣ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ፣ ያችን መስመር ከጥርሱ መሐል አንድ በአንድ፣ እንደ መራራ ክኒን እየዋጣት ሳይሆን እየተፋት፣ ወንድሙ እየሰማ፣ እስከ መጨረሻዋ ቃል አላት።

እናቱ ዝም አለች። ዝም ካለች ቀጥል ማለት ነው። ቀጠለ።